ለስላሳ ያልጠጣው ሽማግሌ

በላፍቶ ኮንዶሚኒየም ጋሽ ገብረ መድኅንን የማያውቅ ሰው የለም። ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሽምግልና ሆኗል። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በውሃ መስመር ሲካሰሱ፣ ጎረምሳ ሚስት ሲያምረው፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርሳቸው በር ነው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ ሲሉ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ የተጣላው ሰው ግማሽ መንገድ ይታረቃል ይባላል።

እኚህን ሰው የሚያሸንፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለስላሳ። በተለይ ብርቱካናማው። ፍቅሩ የጀመረው በሹፌርነት ዘመናቸው ነው። የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ ገብቶ ፊታቸውን ሲጠብሳቸው ውሎ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርሱ፣ ሞተሩን ያጠፉና አንድ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሳይተነፍሱ ይጨልጡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱ ቀረ እንጂ ጠርሙሱ አልቀረም። ሽምግልናው ደግሞ አባሰው። የታረቀም፣ የዳረም፣ የተዳረም የሚያቀርብላቸው ለስላሳና ኬክ ነው። ለእንግዳ የቀረበን መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ባለፈው ክረምት ውሃ ጥም ያዛቸው። ይጠጣሉ፣ አይረኩም። ሰውነታቸው ሟሸሸ፤ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሎ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ፈለገ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዳሴ ነገሩ አላምር ሲላቸው እየጎተቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ደም ተሰጠ፣ ተመረመረ፣ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘላቸውና፣ «ከእንግዲህ ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ይቅርብዎት» ብሎ ሸኛቸው።

ከጤና ጣቢያው በር ሲወጡ ጋሽ ገብረ መድኅን ቆም አሉ።

«ውዳሴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለምን? ሰርቀህ አልተያዝክ።»

«ነገ በገባሁበት ሁሉ ሰው ‹አይዞዎት› እያለ ትራስ ሊያቀርብልኝ ነው። እኔ የምሄደው ሰው ላስታርቅ እንጂ ሊታዘንልኝ አይደለም።»

ወይዘሮ ውዳሴ ቃል ገቡ። ምስጢሩን ጠበቁ፤ ግን ቤቱን በራሳቸው ሕግ አስተዳደሩት። የስኳሩ ጣሳ ጠፋ። ብስኩቱ ለጎረቤት ልጆች ታደለ። ጋሽ ገብረ መድኅን «ማር እንኳ የንብ ሥራ ነው፤ መድኃኒት ነው» ብለው ቢከራከሩ፣ የማሩም ማሰሮ ወደ እህታቸው ቤት ተላከ። ምሳ ላይ የሚቀርብላቸው ጥቂት ሽሮ ከአንድ ቁራሽ እንጀራ ጋር ሆነ። ወይዘሮ ውዳሴ ፈርተው ነው፤ የሚያጎርሱት ሁሉ ወደ ስኳር የሚለወጥ መስሏቸው ነው።

ጋሽ ገብረ መድኅን ጥቂት ቀን ታገሡ። ከዚያ መመራመር ጀመሩ። የመጀመሪያው ምርምራቸው ጭማቂ ነበር። «ፍራፍሬ እግዜር የፈጠረው ነው» ብለው መካኒሳ ካለው ጭማቂ ቤት ገቡና፣ ማንጎው ከአቮካዶው በላይ የተኛበትን ረጅም ብርጭቆ ስፕሪስ በማንኪያ እየቆፈሩ ጨረሱ። ጥሙ ባሰ። ሁለተኛው ምርምር ምርምርም አልነበረም፤ ወደ ከድር ሱቅ መውረድ ነበር።

የከድር ሱቅ ከሕንፃው ሥር ነው። ከድር ስለ ስኳሩ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ጋሽ ገብረ መድኅን በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሲመጡ፣ ብርቱካናማውን ራሳቸው ከፍሪጁ ሲያወጡ፣ ከዚያም የፍሪጁን በር ከፍተው ከኋላው ቆመው ሲጠጡ ነው።

«ጋሼ፣ ወንበር ላውጣልዎት እንጂ» ይላቸዋል።

«ተወው፤ እዚህ ቀዝቀዝ ይላል» ይላሉ፤ በበሩ ጫፍ ወደ ደረጃው አጮልቀው እያዩ።

እንዲህ ሲሆን ሰንብቶ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ወይዘሮ ውዳሴ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩዋቸውና እጃቸው ቆመ።

«ገብሬ፣ ጢምህ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ብርቱካን መስሏል።»

ጋሽ ገብረ መድኅን ጢማቸውን በመዳፋቸው አበስ አደረጉ። «ፀሐይ ይሆናል።»

«ፀሐይ ጢም የሚያቀልም ከሆነ ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ስትነዳ የት ሄዶ ነበር?»

ጋሽ ገብረ መድኅን ሳቁ። ወይዘሮ ውዳሴ ግን አልሳቁም። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እኔ ዘበኛህ መሆን አልፈልግም» አሉ ቀስ ብለው። «ስኳር የደበቅኩብህ ልቀጣህ ብዬ አይደለም። ዓይንህ ሲደክም፣ እግርህ ሲደነዝዝ እንዳላይ ብዬ ነው። አንተ ከሌለህ በዚህ ቤት ከማን ጋር ልከራከር?»

ጋሽ ገብረ መድኅን ስንቱን ባል ሲመክሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ የሚሉት ተረት በጆሯቸው አቃጨለ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሌባ ሆኑ፤ ያውም የገዛ ጤናቸው ሌባ።

በማግስቱ ማንም ሳይጎትታቸው ብቻቸውን ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። የስኳር ሕሙማንን የምትከታተለው ሲስተር ሣራ ፈገግታ የማይለያት ልጅ እግር ነርስ ናት። ጋሽ ገብረ መድኅን የፍሪጁን በርም፣ ስፕሪሱንም፣ ጢሙንም ሳይደብቁ ነገሯት። ሣቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«አምሮቱ የሚመጣብዎ መቼ ነው አባቴ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አሥር ሰዓት ገደማ። ሰዓት አያዛንፍም።»

«ምሳ ምን ይበላሉ?»

«ሽሮ በቁራሽ እንጀራ። ባለቤቴ ፈርታለች።»

«ታዲያ አምሮት ብቻ አይደለማ፤ ረሃብም ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ከለስላሳ ጋር መታገል አይሆንም።» ወንበሯን ወደ እርሳቸው አስጠጋች። «ምሳዎን በደንብ ይብሉ። እንጀራውን በመጠን ያርጉት እንጂ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሰላጣውን አይፍሩ። አሥር ሰዓት ከመድረሱ በፊት አንድ ጭብጥ ለውዝ ወይም የሽምብራ ቆሎ ይቃሙ። ቀዝቃዛና ጋዝ ያለው ነገር ካማረዎት አምቦ ውሃ አለልዎ፤ ሎሚ ይጭመቁበት። ፍራፍሬ ከሆነ ያማረዎት፣ አንዷን ብርቱካን ራሷን ልጠው ይብሉ፤ ስፕሪሱ ግን ያው የለስላሳው ወንድም ነው። አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብለው አይጠብቁት። ይውጡ፣ ይራመዱ። አምሮት እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ መጥቶ ያስፈራራል፤ ጥቂት ከተጠለሉ ያልፋል።»

«እስከ ዕለተ ሞቴ ኬክ አልቀምስም ማለት ነው?»

«ማን አለ? በዓል ሲሆን፣ አስበውበት፣ ከምግቡ ላይ እንጀራውን ወይም ዳቦውን ቀንሰው፣ ትንሽ ቁራሽ። ተደብቀው ግን አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ የቀረ ነገር አለ። ለሰው ይንገሩ። በየቤቱ እምቢ ማለት የሚከብድዎ ሰው ስለማያውቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

ጋሽ ገብረ መድኅን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያለሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ ልጄ። የመጨረሻዋን ግን ለሌላ ቀጠሮ እናቆያት።»

ቤት ገብተው የተባሉትን ለወይዘሮ ውዳሴ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ወይዘሮ ውዳሴ ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። በማግስቱ ምሳው ተለወጠ፤ ገበታው በቀይ ሥር፣ በጎመንና በምስር ተሞላ። ለውዙ በጭብጥ እየተለካ በትንሽ ሰሐን ይጠብቃቸው ጀመር። ጋሽ ገብረ መድኅንም ከድር ጋ ወርደው አምቦና ሎሚ ሲጠይቁ፣ ከድር እጁ ወደ ብርቱካናማው ከሄደ በኋላ በአየር ላይ ቀረ።

የመጀመሪያው ሰሞን ቀላል አልነበረም። አንድ ሰው አጠገባቸው ጠርሙስ ሲከፍት የምትሰማዋ «ጭስስ» የምትል ድምፅ ወገባቸውን ትይዛቸው ነበር። ምላሳቸው ጥርሳቸውን ይዳብሳል፤ ልባቸው ሰበብ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። እስከ ጀርመን አደባባይ ድረስ ይሄዳሉ፤ በመንገድ ሚኒባስ ሹፌሮች ሲያጠፉ እያዩ ለራሳቸው ይነጫነጫሉ፤ በንጭንጩ መሃል አምሮቱ ሳይሰናበት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ፣ ኬክ ደገሙ። ማታውኑ ራሳቸው ለወይዘሮ ውዳሴ ተናገሩ።

«ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» አሉ ወይዘሮ ውዳሴ። «ነገ ነገ ነው።» በማግስቱ ግን አብረው ወጥተው፣ መንገዱን ከወትሮው ረዘም አደረጉት።

ይህ እንዲህ እያለ ጥቅምት ገባ፤ ራጉኤል የተባለ የሕንፃው ልጅ ሚስት ሊያገባ ተነሣ። ልጅቱ ናዝሬት ትባላለች፤ ቤተሰቦቿ ፉሪ የሚኖሩ ናቸው። ራጉኤል አባት የሌለው በመሆኑ እናቱ ጋሽ ገብረ መድኅንን ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱላቸው ለመኗቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ አባይነህ ሆኑ። አቶ አባይነህ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ መካኒሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አላቸው፤ ከጋሽ ገብረ መድኅን ጋር በር ለበር ይኖራሉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጴንጤ ሆነው በነገር ሁሉ የሚስማሙ ጓደኛሞች ናቸው። ሆኖም አቶ አባይነህም ስለ ስኳሩ አልሰሙም ነበር። ሦስተኛው የራጉኤል አጎት ነው፤ መኪናውንም የሚነዳው እርሱ ነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወደ ፉሪ ሲጓዙ አቶ አባይነህ ከኋላ ወንበር ሆነው ተነፈሱ።

«ዛሬ መልስ እናገኛለን ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የልጅቱ አባት አቶ ኮርሳ ሽማግሌ ማመላለስ ይወዳሉ አሉ። የታላቋን ልጅ ሽማግሌዎች አመላልሰው አመላልሰው፣ አንደኛው መንገዱን ከመልመዱ የተነሣ እዚያው ፉሪ ቤት ተከራየ ይባላል።»

«ልጁ ጥር ላይ ነው ሠርጉን ያሰበው» አለ የራጉኤል አጎት ጭንቅ ብሎት።

«እንሞክራለን» አሉ ጋሽ ገብረ መድኅን። ከቤት ሲወጡ ወይዘሮ ውዳሴ በኪሳቸው ያስገቡላቸውን ለውዝ አንድ ሁለት አሉ።

የአቶ ኮርሳ ግቢ ሰፊ ነው። አካባቢው ቤት በቤት ከመሆኑ በፊት እርሻቸው ነበር፤ ዛሬ የቀራቸው ግቢው፣ ጥቂት ላሞችና የጭድ ቤት ነው። አቶ ኮርሳ ደልደል ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴ ደግሞ ከእርሳቸው በተቃራኒ ሳቃቸው ቅርብ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ይሰማልን» ብለው፣ በኋላ በብዙ ልመና ተቀመጡ። ጋሽ ገብረ መድኅን በዚያ በወፍራም ድምፃቸው የመጡበትን አስረዱ። ዝምድና ፈልገው እንደመጡ፣ ልጃቸው ሠርቶ አደር፣ እናቱን አክባሪ መሆኑን፣ ናዝሬትን እንደ ዓይን ብሌን እንደሚጠብቃት ተናገሩ።

አቶ ኮርሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ነገሩ ትልቅ ነው፤ ዘመድ እናማክር። ሁለት ሳምንት ስጡን፤ ያን ጊዜ ትመለሳላችሁ። እስከዚያው አፋችሁን አርጥቡ።»

አቶ አባይነህ «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ጣሪያውን አዩ።

ወይዘሮ ገዲሴ በትሪ ኬክና ለስላሳ ይዘው መጡ። ጠርሙሶቹ ተከፍተዋል። ለጋሽ ገብረ መድኅን የቀዱላቸው፣ ሌላ ቀለም የጠፋ ይመስል፣ ብርቱካናማውን ነው። አረፋው በብርጭቆው አፍ ላይ ተንጫጫና ዝቅ አለ። ሽታው እስከ አፍንጫቸው መጣ።

አቶ አባይነህና የራጉኤል አጎት አንድ አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ጋሽ ገብረ መድኅን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

«አባቴ፣ ይያዙ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ገዲሴ።

«እሺ፣ ቆይቼ።»

«በሞቴ።»

«አፈር ልሁንልዎት፣ ቆይቼ።»

ብርጭቆው አጠገባቸው ሆኖ ላብ አላበው። ጠብታዋ ከላይ እስከ ታች ስትንሸራተት ጋሽ ገብረ መድኅን በዓይናቸው ተከተሏት። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ አላቸው ልባቸው፤ የሰው ልጅ ጋብቻ ነው፣ ለወጉ ያህል። ልባቸው ሲደልላቸው ያውቁታል፤ ከፍሪጁ በር ኋላም ያናገራቸው ይኸው ድምፅ ነበር። ስለዚህ እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን አንሥተው፣ ከእጃቸው እንዲርቅ ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረጉት።

ይህን ሁሉም አየ። አቶ አባይነህ ጓደኛቸውን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ የገባቸው መሰላቸው። የራሳቸውን ብርጭቆ ድምፅ ሳያሰሙ አስቀመጡ። የራጉኤል አጎትም የጎረሰውን ኬክ በችኮላ ውጦ ሰሐኑን አራቀ።

አቶ ኮርሳ ሦስቱንም ብርጭቆዎች በየተራ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሡና ባለቤታቸውን ጠርተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር፤ ቆመው ነው የተናገሩት።

«እውነቱን ለመናገር ላመላልሳችሁ አስቤ ነበር» አሉ። «የዛሬ ሽማግሌ ገና ከበር ሳይገባ ኬኩን ይቆጥራል ብዬ እታዘብ ነበር። እኚህ አባት ግን ቃል ሳያገኙ የቤቴን ውሃ አልቀምስም አሉ። አባቴ እናቴን ሊያገባ የተላኩት ሽማግሌዎች እንዲህ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማመላለስ ነውር ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳ እልልታ ፈነዳ። የራጉኤል አጎት ተነሥቶ የአቶ ኮርሳን ጉልበት ሊስም ጎነበሰ፤ አቶ አባይነህ «ጌታ ይባረክ» እያሉ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ገብረ መድኅን ብቻ ወንበራቸው ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ደስታው ልባቸውን ቢሞላውም፣ ምስጋናው ኮሰኮሳቸው።

ወይዘሮ ገዲሴ ከፍሪጁ አዲስ ጠርሙስ አምጥተው፣ እዚያው ከፍተው፣ ሌላ ብርጭቆ ሞልተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። «እንግዲህ ቃሉን አግኝተዋል። አሁን ምን ምክንያት አለዎት?»

ምክንያት አልነበራቸውም። ቢጠጡት ክብራቸው እንዳለ ይቀራል፤ ሁሉም ይስቃል፤ አንድ ብርጭቆ ነው። እጃቸው ግማሽ መንገድ ሄደ። ከዚያ መለሱትና ተነሥተው ቆሙ።

«አቶ ኮርሳ» አሉ፤ «ያልሠራሁትን ክብር ይዤ ከቤትዎ ብወጣ ያሳክከኛል። ወግ ጠብቄ አይደለም ያልጠጣሁት። ስኳር አለብኝ። ለስላሳ ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ወዳጄ ነው፤ ከልጅነት ሚስቴ ቀጥሎ የማፈቅረው እርሱን ነው። ባይከለከል ኖሮ ገና ከመቀመጤ ጨልጬው ነበር። እንግዲህ ይህን ሰምተው ቃሌን አነሣለሁ ካሉ፣ መብትዎ ነው።»

የአቶ አባይነህ አፍ ተከፍቶ ቀረ። የራጉኤል አጎት ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ወይዘሮ ገዲሴ ናቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ሰማህ ኮርሳ?»

አቶ ኮርሳ መስኮቱን ተመለከቱ።

«እኚህ አባት በሰው ቤት፣ ሰው በሞቴ እያላቸው፣ እምቢ አሉ። አንተ ሐኪም ከከለከለህ ሁለተኛ ዓመትህ ነው። ትናንት ጭድ ቤቱን ስጠርግ ያገኘሁትን ጠርሙስ ማን ጠጣው ልበል? ላሞቹ?»

«እንግዳ ፊት እንዲህ ይባላል?» አሉ አቶ ኮርሳ ጆሯቸው ቀልቶ።

«የምን እንግዳ? አሁን ልጅህን ሰጥተህ ዘመድ አደረግሃቸው።»

አቶ ኮርሳ ቁጣቸውን ሊያመጡ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። ይልቅ ከሆዳቸው የተነሣ ሳቅ ቀድሟቸው ወጣ፤ ሲስቁ ሲስቁ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ኮርሳ የሰጠውን አይመልስም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ልጄን በወግ ዳርኳት ብዬ ነበር፤ ለካስ በስኳር ነው የዳርኳት።»

ሳቁ ጋብ ሲል ወደ ጋሽ ገብረ መድኅን ተጠጉና ሌላው እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ፣ «እንዴት ቻሉት?» አሏቸው።

«ችዬ አልጨረስኩም። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው» አሉ ጋሽ ገብረ መድኅን። ከኪሳቸው የቀረውን ለውዝ አውጥተው በመዳፋቸው ዘረጉላቸው። «በባዶ ሆድ አይታገሉት። እርስዎን መቼ ነው የሚይዝዎ?»

«ላሞቹ ሲታለቡ። አሥር ሰዓት አካባቢ።»

«እግዚኦ፣ የእኔም ሰዓት እኮ ነው።»

ወይዘሮ ገዲሴ በጓሮ ካለው ዛፍ ሎሚ አስቀጥፈው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ጨምቀው ለሁለቱ አቀረቡ። ጋሽ ገብረ መድኅን በዚያ ቤት የመጀመሪያዋን ጉንጭ ጠጡ። ጎምዛዛ ነበረች፤ ጉሮሯቸውን ግን አራሰችው።

ሲመለሱ አቶ አባይነህ መንገዱን ሙሉ አኮረፉ። ላፍቶ ሲቃረቡ ነው የተናገሩት። «ስንት ጊዜ ቤቴ ጠርቼ ኬክ ቆርሼ አጉርሼሃለሁ። ወንድሜን በእጄ ስጎዳ መኖሬ ነው። ለምን ደበቅከኝ?»

«እንዳታዝንልኝ ፈርቼ።»

«አዝኛለሁ፤ ግን ስለ ስኳሩ አይደለም» አሉ አቶ አባይነህ። ከመኪናው ሲወርዱ ግን እጃቸውን በጓደኛቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ነው ደረጃውን የወጡት።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ገብረ መድኅን መደበቅ ተዉ። ነገሩ እንደፈሩት አልሆነም። ትራስ ያቀረበላቸው ሰው የለም። ይልቅ የሚገቡበት ቤት ሁሉ፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ አምቦ አለ» ይላቸው ጀመር። ደግሞ ስንቱ ነው «እኔም እኮ አለብኝ» ብሎ ጥግ ይዞ ያናገራቸው። ሲስተር ሣራ በተከታዩ ቀጠሮ ደማቸውን ለክታ ስኳሩ መውረዱን ስታይ፣ «የመጨረሻዋን ምክሬንም ተቀበሉ መሰለኝ» ስትላቸው፣ «ተቀበልኩ ሳይሆን አፈነዳኋት» አሏት።

አቶ ኮርሳ ደግሞ በየቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ይደውሉላቸዋል።

«መጣች» ይላሉ፤ አምሮቷን ማለታቸው ነው።

«ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«ለውዙስ?»

«ጨርሻለሁ። አሁንም ታስቸግረኛለች።»

«እንግዲያው ስልኩን ሳይዘጉ ይውጡ፤ እኔም ወጣሁ።» አንዱ ፉሪ፣ አንዱ ላፍቶ፣ በስልክ እያወሩ ይራመዳሉ። ስለ ሠርጉ ድንኳን፣ ስለ ወተት፣ ስለ አስፋልቱ ጉድጓድ ሲያወሩ አምሮቱ ሳይታወቃቸው ያልፋል። ሁልጊዜ አይሳካም። አንድ ቀን አቶ ኮርሳ ጭድ ቤቱን መጎብኘታቸውን ራሳቸው አመኑ። ጋሽ ገብረ መድኅን አልተቆጡም፤ የልደቱን ኬክ ነገር ነገሯቸውና፣ «ነገ ነገ ነው» አሏቸው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የወይዘሮ ገዲሴ ግቢ በድንኳን ተሸፈነ፤ ከላፍቶ ሰው በአውቶቡስ ተጫነ። ከጎን በኩል ወይዘሮ ውዳሴና ወይዘሮ ገዲሴ አንድ ጠረጴዛ ለብቻው አሰናድተው ነበር፤ አምቦ ውሃ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ለውዝ። ለሁለቱ ሰዎች ብለው ያሰናዱት ነው፤ ምሳው ሳያልቅ ግን ወንበር ጠፋ። ከከድር ጀምሮ እስከ ሙሽራው አክስቶች ድረስ ሁሉም ተሰልፈው፣ ቆሎው ሁለት ጊዜ ተጨመረ።

ኬኩ ሲቆረስ ወይዘሮ ገዲሴ አንዲት ቁራሽ በሰሐን፣ ሁለት ሹካ አድርገው ይዘው መጡ።

«እንጀራ ስታጎድሉ አይቻችኋለሁ፤ ለዚህ መሆኑንም አውቃለሁ። ለሁለታችሁ ናት፤ ሌላ የለም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰሐኗን መሃላቸው አድርገው ተያዩ።

«ክሬሙ ያለበት በእኔ በኩል ነው» አሉ አቶ ኮርሳ።

«ልጅ የሰጠ ሰው ክሬም አይሰስትም» አሉ ጋሽ ገብረ መድኅን።

እየተከራከሩ፣ በሹካ ጫፍ እየቆነጠሩ፣ ሳይቸኩሉ በሉት። ጋሽ ገብረ መድኅን በዕድሜያቸው ብዙ ኬክ ውጠዋል፤ ይህን ግን አጣጣሙት። ሰሐኑ ባዶ ሲሆን ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ወዲያው ከበሮው ከፍ አለ። ወይዘሮ ውዳሴ ከወዲያ ማዶ ሆነው ባለቤታቸውን በእጃቸው ጠሩ። ጋሽ ገብረ መድኅን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አቶ ኮርሳን ክንዳቸውን ይዘው አስነሡ። አንዱ እስክስታ ይመታል፣ ሌላው በፉሪው ስልት መሬቱን ይደልቃል፤ እግራቸው ፈጽሞ አልተገናኘም። አቶ አባይነህ ዳር ቆመው እያጨበጨቡ፣ ከሁሉ በላይ ሲስቁ ነበር።